አራት መስኮትና አንድ ዕውር

ወንጌላዊው ማርቆስ ጎጃሜ ሳይሆን እንዳልቀረ የጠረጠርሁት በላፕቶፕ ነው።

ጌታ አሥራ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ለስብከት ሲልክ ለመንገድ ምን ይያዙ፣ ምንስ ይተዉ የሚለውን ሦስት ወንጌላውያን ጽፈውታል። ማቴዎስ በምዕራፍ 10፣ ሉቃስ በምዕራፍ 9፣ ከረጢቱም ገንዘቡም በትሩም አንድ ላይ መከልከሉን ይነግሩናል። ማርቆስ በምዕራፍ 6 እስከ ገንዘቡ ድረስ ከሁለቱ ጋር አብሮ ይጓዝና በትሩ ላይ ሲደርስ አንጀቱ አልቆርጥ ይለዋል። በትር ተፈቅዷል፤ ጫማም ተፈቅዷል። እንግዲህ ከዳንግላ ተነሥታችሁ በአዲስ ቅዳም፣ በእንጅባራ አድርጋችሁ እስከ ደብረ ማርቆስ ብትወርዱ ስንቁን ረስቶ የወጣ ገበሬ ታዩ ይሆናል፤ ዱላውን ረስቶ የወጣ ግን አታዩም። በዱላና በኮንጎ ጫማ ብቻ አገር የሚያቋርጥ ሰው እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም። ደብረ ማርቆስ መንቆረር መባሏ ቀርቶ በማርቆስ ስም የተጠራችው በከንቱ አይደለም እላለሁ፤ የታሪክ ሰዎች ምክንያቱ ቤተ ክርስቲያኑ ነው ቢሉኝም።

ይህን ያሳየኝ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ለገና እኛ ዘንድ ዳንግላ ሲመጣ በፍላሽ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ሶፍትዌር ይዞ መጣና በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። «ጋሼ፣ አንዱ ታሪክ አራቱም ወንጌላውያን ጋ ካለ፣ አራት መስኮት ከፍቶ ጎን ለጎን ያስነብብዎታል» አለኝ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዓለም ላይ ሞልቷል። ሎጎስና አኮርዳንስ የሚባሉት ይሸጣሉ፤ ኢ-ሶርድ የሚባለውን ደግሞ ሪክ ሜየርስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዊንዶውስ በነጻ አውጥቶታል። የእኔው ከስንት ተማሪ ፍላሽ ወደ ስንት ተማሪ ፍላሽ ሲዞር ከርሞ የመጣ ስለሆነ የዘር ሐረጉን አልጠየቅሁም።

በመጀመሪያው ምሽት ከፈትሁት። ፊደል መሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ ባዶ ሣጥን ተደርድሯል። ማቴዎስም ሣጥን፣ ማርቆስም ሣጥን፣ ሉቃስም፣ ዮሐንስም ሣጥን። አራቱ ወንጌላውያን በፊደል እንኳ ሳይለያዩ ፍጹም ተስማምተው ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። በማግሥቱ ልጁ ፎንት የሚባለውን ጭኖ አለያያቸው።

ቀጥዬ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ዕውር ልፈልግ ተነሣሁ። «እውር» ብዬ ጻፍሁ። ምንም አልተገኘም። «እውሮች» አልሁ። ምንም። በሶፍትዌሩ ቃል ከሄድን ከኦሪት እስከ ራእይ ድረስ ዐይኑ የጠፋ አንድም ሰው አልተፈጠረም። ልጁ «ዳታው ጎድሎ ይሆናል» ብሎ ፍላሹን ሊያመጣ ሲነሣ፣ እኔ ጀርባዬን አንድ ነገር ጠዘጠዘኝ። የልጅነት አለንጋ ነው። የኔታ ፊደል ሲያስጠኑን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ እያሉ ነበር። ዕውር የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው! እኔ በአልፋው ጽፌ፣ ድሮም የማያየውን ምስኪን የቀረችውን አንዲት ዐይን ከስሙ ላይ ነቅዬበት ኖሯል። ፊደሉን አስተካክዬ አስገባሁት፤ ዕውሮቹ ከየምዕራፉ እየተነሡ መጡ። ዛሬ በስልኩ «ሰላም»ንም «ሠላም»ንም እንደ ጣቱ የሚጽፍ ሁሉ ይህ መሣሪያ ቢደርሰው መቼም የሚፈልገውን አያገኝም፤ የኔታ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ያገኙት ነበር።

በኢያሪኮው ታሪክ ሦስት መስኮት ተከፈተ። ማቴዎስ ጋ ዕውሮቹ ሁለት ናቸው፤ ጌታ ከከተማው ሲወጣ ነው። ማርቆስ ጋ አንድ ነው፤ ስሙም በርጤሜዎስ ነው፤ ይህም ከከተማው ሲወጣ። ሉቃስ ጋ አንድ ነው፣ ስም የለውም፤ ጌታም ወደ ከተማው ሲቀርብ ነው። ደስ አለኝ! ይህን የመሰለ ነገር ይዞ ቤት መቀመጥ አይቻልም። በወሩ 27 የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበራችን ተራው የአንድ ከሰል ነጋዴ ነበር፤ ላፕቶፔን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድሁ።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ ከፈትሁ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው «እሱን ነገር ከጽዋው አርቀው» ከማለት በቀር አልተቃወሙም። ሦስቱን መስኮት አነበብሁና «እህሳ? አንድ ነው ሁለት?» ብዬ ዙሪያውን አየሁ።

ቀድሞ የተናገረው ባለቤቱ ነጋዴ ነው። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በጭነት መኪና ሲያስወጣ የኖረ ሰው ነው። «ማቴዎስ ቀራጭ አልነበረም?» አለ። «ነበር» አልሁ። «በቃ! ቀራጭ አንድ ቆጥሮ አንዱን አያልፍም። ኬላ ላይ የቆመ ሰው ሲቆጥር አላየህም? ከጥግ የተወሸቀችውን ጆንያ ሳይቀር ነው የሚያወጣት። ሌሎቹ የሚያውቁትን ሰው አዩ፤ እሱ ጭነቱን ቆጠረ።»

ሁሉም ሣቀ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ስፈትሸው ነጋዴው ከሣቁ በላይ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። አጋንንት የያዙት ሰው ማርቆስና ሉቃስ ጋ አንድ ሲሆን ማቴዎስ ጋ ሁለት ነው። ሆሣዕና ላይ ሌሎቹ ውርንጫውን ብቻ ሲያነሡ ማቴዎስ እናቲቱንም ጨምሮ ቆጥሯታል። ሰው ሥራውን ቢተው ሥራው አይተወውም ማለት ነው። ሐኪሙ ሉቃስስ? ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ማርቆስ ሲተርክ፣ ብዙ ባለ መድኃኒቶች እንዳሠቃዩዋትና ገንዘቧን ጨርሳ እንደባሰባት ሳይሸሽግ ይናገራል። ሉቃስ ጋ ስትደርሱ ገንዘቧ ማለቁ አለ፣ አለመዳኗም አለ፤ ሐኪሞቹ አባባሱባት የሚለው ግን የለም። ሙያ ወገን ነው።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። የኔታ እስካሁን ዝም ብለው ጠላቸውን እየጠጡ ነበር። ያኔ በአለንጋ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ዐይናቸው ሞራ ጋርዶት በልጅ ተመርተው ነው የሚመጡት።

«ልጄ፣ ዛሬ ከማን ጋር መጣህ?» አሉኝ።

«ከሙሴው ጋር፣ የኔታ።»

«ሚስቱ አብራችሁ አልነበረችም?»

«ነበረች።»

«እና ዋሸኸኝ?»

ማኅበርተኛው አጨበጨበ ማለት ይቻላል። የሙሴው ሚስት ደግሞ ከጓዳ ወጥታ «እኔን እንደሌለሁ ቆጠርኸኝ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ላልተጻፈው ሁለተኛ ዕውር ያኔ ነው ያዘንሁለት።

የኔታን ስሸኛቸው መንገድ ላይ ነገር አነሣሁ። አራቱን የትርጓሜ ጉባኤ ማለትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ጠንቅቆ የያዘ መምህር በእኛ አገር አራት ዓይና ይባላል። «የኔታ፣ ይህ መሣሪያም በአራት መስኮት ስለሚያይ አራት ዓይና ነው ማለት ይቻላል?» አልኋቸው። «እኔ ራሴ አንድ ዓይና ነኝ፣ እሱም ታሟል» አሉና ጥቂት ተራምደው «ያ የያዝኸው ያያል ወይስ ያሳያል?» አሉኝ። ባጃጁ ደረሰና ሳልመልስ ቀረሁ። ከተሳፈሩ በኋላ ግን በመስኮቱ ብቅ ብለው «ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ የብራና ወንጌል ስትከፍት ከፊቱ ያለው ቀመር ምን ይመስልሃል?» ብለውኝ ሄዱ።

ቀመሩን ፈልጌ አነበብሁ። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በየክፍሉ ቁጥር ሰጥቶ በአሥር ሰንጠረዥ ደረደራቸው። አንደኛው ሰንጠረዥ አራቱም የሚናገሩትን ይዟል፤ ቀጥለው ሦስት ሦስቱ፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱ የሚገናኙበት ይመጣል፤ አሥረኛው የሚይዘው እያንዳንዱ ለብቻው ያለውን ነው። ዛሬ የምንጠቅሰው የምዕራፍ ቁጥር በ13ኛው፣ የጥቅሱ ቁጥር ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት የመጣ ስለሆነ አውሳብዮስ ሁሉንም የሠራው ያለ እነሱ ነው። ይህ ሰንጠረዥ በዐምድና በቅስት አጊጦ የሚገኝበት እጅግ ጥንታዊ ቅጂ ደግሞ ያለው ሌላ አገር አይደለም፤ አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ነው። የብራናው ዕድሜ በካርቦን ሲለካ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ አርፏል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ለገና በፍላሽ ያመጣልኝን ነገር የገሪማ መነኮሳት ቢያንስ አሥራ ሦስት መቶ ዓመት ጠብቀውታል፤ ያውም መብራት ሲጠፋ የማይጠፋውን ዓይነት።

እኔ ግን በዚህ አልቆምሁም። ከአውሳብዮስ በፊት፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት ታትያን የሚባል የሶርያ ሰው አራቱን ወንጌላት ፈትቶ አንድ ወጥ ትረካ አድርጎ ሠርቶ ነበር፤ ዲያቴሳሮን ይባላል። አራት ጊዜ ከማንበብ አንዴ ማንበብ። ይህን ሳነብ «እኔስ ለምን ከቤተሰቤ አልጀምርም?» አልሁ።

በቤተሰባችን አራት ዓይነት ሆኖ የሚወራ ነገር አለ፤ አጎቴ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሆነው ነገር። እንጅባራ ላይ በዚያ ቀን ፈረሱ ሁሉ ተሸልሞ ይወጣል፤ አጎቴም ተሸልሞ ወጥቷል። እስከዚህ ድረስ አራቱም ይስማማሉ፤ የአውሳብዮስ አንደኛ ሰንጠረዥ በሉት። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ሲናገር «ከፈረሱ ወረድሁ» ይላል። ሚስቱ «ወደቀ» ትላለች። ጎረቤቱ መውደቁንም መውረዱንም ትቶ ፈረሱ የተዋሰው መሆኑን ነው የሚያስረዳው። እናቴ ደግሞ ታሪኩን በአውኚ ስትነግረን ፈረሶቹ ሁለት ነበሩ፤ ከዳንግላ እንግዳ መጥቶ በአማርኛ ስትደግመው አንድ ይሆናሉ። «እማዬ፣ ሌላኛው የት ሄደ?» ስላት «አውኚ የሚሰማ ሰው ሁለተኛውን ፈረስ ያውቀዋል፤ ለሌላው ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። የእኔ ሶፍትዌር የአውኚ መስኮት የለውም። ቢኖረው ስንት ፈረስ ይገኝ ነበር!

አራቱን ሰብስቤ በአንድ ገጽ ጻፍሁት። አጎቴ በተዋሰው ፈረስ ላይ ሳለ፣ ሌላ ፈረስ ከጎኑ ሲያልፍ በከፊል እንደወረደ በከፊል እንደወደቀ፣ በጥንቃቄ አስማምቼ በተሰበሰቡበት አነበብሁላቸው። አጎቴ «ውሸታም ናት አልህ እኔን?» አለ፤ ሚስቱን ማለቱ ይሁን ራሱን ማለቱ ዛሬም አልገባኝም። ሚስቱ አኮረፈች። ጎረቤቱ የፈረሱ ባለቤት ስም ባለመጠቀሱ ተቀየመ። እናቴ ብቻ «ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ የማን ታሪክ ነው?» አለች። በአምስተኛው መቶ ዓመት ቴዎዶሬጦስ የተባለ ጳጳስ በሀገረ ስብከቱ ውስጥ ከ200 የሚበልጡ የታትያንን መጻሕፍት ሰብስቦ አንሥቶ በምትካቸው አራቱን ወንጌላት አስገብቷል። የእኔ አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረች ሥራው ቀላል ነበር፤ ባለቤቴ ከሰል አቀጣጠለችባት።

መሣሪያው ከወንጌል ውጭም ያወዳድራል። ዳዊት ለመሠዊያ ቦታ የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ የገዛው በመጽሐፈ ሳሙኤል በሬዎቹ ጭምር በ50 ሰቅል ብር ነው፤ በዜና መዋዕል ስፍራውን በ600 ሰቅል ወርቅ። ይህን በማኅበራችን ላሉ አንድ የመሬት ደላላ ባነብላቸው አንዳች አልገረማቸውም። «የመጀመሪያው አውድማው ነው፤ ሁለተኛው ዙሪያው ተጨምሮ ነው። ውሉ ሁለት ነው እንጂ ዋጋው አልተጣላም» አሉኝ። በኋላ ሳጣራ የመጻሕፍት ሊቃውንትም ከሚሰጡት መልስ አንዱ ይኸው ሆኖ ተገኘ፤ ደላላው ያለ ኮሚሽን የሰጡት ብቸኛ ምክር ይመስለኛል።

ትርጉምና ትርጉምም ጎን ለጎን ይቀርባል፤ የ1954ቱና አዲሱ መደበኛ ትርጉም። በአንድ ጠቅታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስዘል የማስበው አቡ ሩሚን ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የመለሰው ይህ የጎጃም ሰው፣ ካይሮ ላይ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጋር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ እየተቀመጠ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። 9,539 ገጽ በእጅ። እኔ ለጠቅታው ሁለት ሰኮንድ ሲዘገይብኝ ላፕቶፑን በጥፊ እላለሁ።

ይህን ጥፊ፣ የማኅበሩን ክርክርና የአጎቴን ነገር አንድ ላይ አድርጌ ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። መምሬ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ሃምሳኛውን ዳዊት ጠዋትና ማታ ድገም» አሉኝ። የታተመው ዳዊቴ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ በላፕቶፑ ልደግም ወሰንሁ። መዝሙር፣ 50፣ አስገባ።

ማንበብ ስጀምር ደነገጥሁ። እግዚአብሔር ራሱ ለፍርድ ተቀምጦ፣ ከቤትህ ፍሪዳ አልፈልግም፣ ከመንጋህም ፍየል አልሻም፣ የዱር አራዊት ሁሉ የእኔ ናቸው፣ እኔ የኮርማ ሥጋ እበላለሁን የሚል ቁጣ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለፋሲካ ቅርጫ ከሰፈር ሰዎች ጋር በሬ ልንገዛ ተነጋግሬ፣ ጾም ገና ሳይጋመስ ሽንጡ የማን ይሁን እየተባለ ነበር። መምሬ ይህን እንዴት አወቁ? አልተናዘዝሁትም! ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ ስለ በሬ ተወቀስሁ። በአራተኛው ሳምንት ልቤ ተሰበረና ከቅርጫው ወጣሁ። መደቤን ያ ከሰል ነጋዴ ወሰደው።

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ፋሲካን በዶሮ ብቻ?» አለች። «መንፈሳዊ ነገር ነው» አልኋት።

ለሆሣዕና ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ መምሬን እጃቸውን ስሜ፣ ስለ በሬው እንዴት እንዳወቁብኝ ጠየቅኋቸው። «የምን በሬ?» አሉ። ነገርኋቸው። ዘንባባ የያዙበት እጃቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። «እኔ ያልሁህ ተሣሃለኒን ነው እኮ! ዳዊት ከኃጢአቱ የተመለሰበትን።»

ነገሩ የቁጥር ነው። የግዕዙ ዳዊት የግሪኩን ቁጥር ይከተላል፤ ግሪኩ ዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ያላቸውን መዝሙሮች አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይዛነፋል። የመምሬ 50 የላፕቶፔ 51 ነው። የላፕቶፔ 50 የመምሬ 49። አራት መስኮት ከፍቼ ዕውር ስቆጥር የከረምሁ ሰው፣ ለራሴ ንስሐ አንድ መስኮት ብቻ ከፍቼ በሰው መዝሙር ሦስት ሳምንት ጾምሁ።

ማታውን ቅርጫው ጋ ደወልሁ። መደቡ ሞልቷል፤ በሬውም ተገዝቷል። እንግዲህ የቀረኝ የሕማማት ሳምንት ነው ብዬ ትክክለኛውን ከፈትሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከልቤ፣ መድገም ጀመርሁ። ማረኝ፣ እጠበኝ፣ አንጻኝ ይላል፤ ስለ በሬ አንድም ነገር የለም፤ ዕንባዬ መጣ። ወደ ፍጻሜው ስደርስ ድምፄ ቀስ አለ፤ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ቆምሁ።

ባለቤቴ ከማድ ቤት «ምነው ዝም አልህ? ምን ይላል?» አለችኝ።

«ያኔ በመሠዊያው ላይ ፍሪዳ ይቀርባል ነው የሚለው።»

ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ሲቆም ተሰማኝ።

«ለስንት ተካፋይ?» አለች።